ቀዮቹ እርሳሶች
የአንደኛ ክፍል አስተማሪዋ ፊቷ ተፈትቶ አያውቅም። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ የከለር እርሳስ ከማደሏ በፊት ቀዮቹን ለቅማ ኪሷ ትከታለች፤ ቀይ የማረሚያ ነው፣ የልጅ እጅ አይነካውም። ዛሬም እንደ ልማዷ ቀዮቹን ሰበሰበችና የቲማቲም ሥዕል አድላ "ቀቡ" አለች። ክፍሉ እንዳለ በአረንጓዴ ቀባ። እሷም በየወረቀቱ ላይ ትልልቅ ቀይ ኤክስ እየጫረች፣ "ዓይን የላችሁም? የበሰለ ቲማቲም አረንጓዴ ነው?" ብላ አንባረቀች። ሁሉም አንገቱን ደፋ። ከፊት የተቀመጠችው ትንሿ ልጅ ብቻ ዓይኗን ሳትሰብር ወረቀቷን መልሳ ዘረጋችላት።

"ቲቸር፣ እስኪቀላ ኤክስ ይጨምሩበት። ቀዩ ያለው እርስዎ ጋ ነው።"