ጌታና ጭሰኛ በአንዲት ሕዋስ ውስጥ

በደርግ ዘመን ጉለሌ ያለው የቀበሌያችን ንባብ ቤት ለእኔ ትምህርት ቤቴ ነበር። ዘጠነኛ ክፍልን ሳልጨርስ ሥራ ስለገባሁ፣ ባዮሎጂን የተማርኩት እዚያ፣ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍና መዝገበ ቃላት ጎን ለጎን ዘርግቼ ነው። ስለዚህ የንባብ ቤቱ ኃላፊ የነበረው ካድሬ ለግድግዳ ጋዜጣው የሳይንስ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ሲያዘኝ ደስ አለኝ።

የጻፍኩት ኩሬ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ስለሚንሳፈፈው ዋቅላሚ ነበር። አንዳንዱ ዋቅላሚ መላ አካሉ አንዲት ሕዋስ ናት። በውስጧ ክሎሮፕላስት የሚባል አረንጓዴ ክፍል አለ፤ በፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚሠራው እሱ ነው። የራሱ ጂኖች አሉት፤ ግን ጥቂት ስለሆኑ አይበቁትም። ከሚያስፈልጉት ፕሮቲኖች አብዛኞቹ የሚሠሩት ከእሱ ውጭ፣ ኑክለስ በተባለው የሕዋሷ እምብርት ውስጥ ባሉ ጂኖች መመሪያ ነው፤ ከዚያ ወደ ውስጡ ይገባሉ። ከኑክለሱ ጂኖች አንዱ ቢበላሽ፣ የክሎሮፕላስቱ ጂኖች ደኅና ሆነው ሳለ ዋቅላሚው ሊገረጣ ይችላል። ኑክለሱም በበኩሉ የሚኖረው ክሎሮፕላስቱ በሚሠራው ምግብ ነው። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ከመጽሐፉ ጋር ደጋግሜ አመሳክሬያለሁ።

ካድሬው ቆሞ አነበበው።

"ጓድ፣ ምግቡን የሚያመርተው ማን ነው?" አለኝ።

"ክሎሮፕላስቱ።"

"ኑክለሱስ? ቁጭ ብሎ ያዛል፣ የሌላውን ላብ ይበላል። በቃ፣ ባላባት ነው። ይህ እንዴት አልታየህም?"

ያለ ኑክለሱ ጂኖች ክሎሮፕላስቱ መሥራት እንደማይችል፣ ነገሩም የመደብ ጉዳይ እንዳልሆነ በቀስታ አስረዳሁት። ጋዜጣ ይዞ የተቀመጠ አንድ የሰፈራችን ቀልደኛ፣ "ለመሆኑ ክሎሮፕላስቱ ተደራጅቷል?" ብሎ ጠየቀ። ካድሬው አልሣቀም፤ ጥያቄው ተገቢ ነው አለ።

እሑድ ለውይይት ስንሰበሰብ ጋዜጣው በንባብ ቤቱ የውጭ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። ካድሬው ጽሑፌን ለውጦት ክሎሮፕላስቱ ጭሰኛ፣ ኑክለሱ ባለርስት ሆነዋል። መጨረሻው ላይ፣ የነቃ ክሎሮፕላስት ኑክለሱን አስወግዶ በራሱ ጂኖች ይተዳደራል ይላል። ከሥሩ የእኔ ስም በትልልቅ ፊደል ተጽፏል።

 ኑክለሷ የተወሰደባት ሕዋስ ትሞታለች። ሰውየው ሬሳ ላይ ቆሞ ድል ይላል፤ ምስክሩ ደግሞ እኔ ነኝ። አንዲት ጎረቤታችን፣ "አንተ፣ ይሄን ሁሉ ታውቃለህ እንዴ?" ብለው አደነቁኝ። ከስድብ ይልቅ አንገበገበኝ።

"ስሜን ያንሱልኝ፤ ውሸት ነው" አልኩት ካድሬውን።

"ስምህ ከወጣ አንተም ከዚህ ቤት ትወጣለህ።"

እርሳስ የምቀርጽበት ምላጭ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሰዉ እያየ ስሜን ብቻ ቆርጬ አወጣሁት። ስብሰባው ላይ ግለ ሂስ አድርግ ተባልኩ። ተነሥቼ፣ ኑክለሷ የወጣባት ሕዋስ ለዘለቄታው ኖራ ምግብ ልትሠራ አትችልም ብዬ ተቀመጥኩ። በማግሥቱ በሩ ላይ ያለው ጥበቃ እንዳላስገባህ ታዝዣለሁ አለኝ።

ወረቀቱ ግን ሳይነሣ ከረመ። አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ሳልፍ አንዲት ተማሪ ቆማ ደብተሯ ላይ ስትገለብጠው አየሁ። ተጠግቼ፣ ስሕተት ስለሆነ አትጻፊው አልኳት።

ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። "ለፈተና ይመጣል ተብለናል" አለችኝ።