ከባንኮኒው ኋላ ያለው ታፔላ

አኳራጅ ሲሸተኝ ሳቄ ይመጣል። ሰሞኑን የቤታችንን በር የሚቀባው ሰውዬ ቀለሙን ሊያቀጥንበት ጠርሙሱን ሲከፍት ብቻዬን ፈገግ ብል፣ “እህቴ፣ ደህና ነሽ?” አለኝ። ለሱ ምን ብዬ ላስረዳው! እስቲ ላንቺ ላውራሽ።

መካኒሳ አብራኝ ያደገች ጓደኛ ነበረችኝ። እሷ ቁርአን ቤት የተማረችውን የዐረብኛ ፊደል ታሳምራለች፤ እኔ ደግሞ ላቲኑን። አባቷ ጎፋ ላይ “ኑር” የሚባል ዳቦ ቤት ሊከፍቱ ነው። እሷ ሥዕል ትምህርት ቤት መግባት ትፈልጋለች፣ እሳቸው ከባንኮኒው ኋላ ሊያቆሟት። ንዝንዙ ሲበዛባቸው፣ “ታፔላዬን ከጓደኛሽ ጋር ሥሩልኝ። ካማረ ትማሪያለሽ፤ ካላማረ ዳቦ ትሸጫለሽ” አሏት።

ሰው ሁሉ ባነር በሚያሳትምበት ዘመን እኛ ግቢያቸው ውስጥ ቆርቆሮ አጋድመን፣ ቀለሙን በአኳራጅ አቅጥነን በብሩሽ ገባንበት። የኔ ፊደል መስመሩ ቀጥ ብሎ ሲቆም ይወፍራል፣ የሷ ሲጋደም። እህትማማች እናስመስላቸው ብለን የኔን ማዕዘን አለዘብን፣ የሷን ሆድ አሰፋን።

“ያንቺዎቹ ወታደር መሰሉ እኮ፤ ትንሽ ጎንበስ አድርጊያቸው!” አለችኝ።

“ያንቺዎቹስ ተኝተው የለ? ቀስቅሻቸው!”

የዳቦ ቤቱን ስም እኔ በላቲን ከግራ፣ እሷ በዐረብኛ ከቀኝ እየጻፍን መጣን። መሃል ላይ ዳቦ ሊሳል ነበር። ወሬው ጥሞን ለካ ቦታውን ጨርሰነዋል፤ ክርናችን ሲጋጭ ነው የነቃነው። ፊቷ ዐመድ መሰለ። “አለቀልኝ፣ ዳቦ ሻጭ ሆንኩ” አለች።

ከዚያ ቀረብ ብላ አየችው። የኔ የመጨረሻ ፊደል ክንዱን በላይ ዘርግቷል፣ የሷ ጅራቱን በታች ጥሏል። ብሩሹን ነከረችና ክንዱንም ጅራቱንም ሳብ ሳብ አድርጋ አስተቃቀፈቻቸው።

አባቷ መጡ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከቀኝ አዩ፣ ከግራ አዩ።

“ዳቦው የታለ?”

“ዳቦው ውስጥ ነው፣ አባዬ!”

ሳቃቸው አመለጣቸው። “ወላሂ፣ እነዚህስ ተቃቅፈዋል። በይ ሂጂ፣ ተማሪ” አሉና ዞር ብለው ዓይናቸውን ጠረጉ። ቀለሙ አቃጥሏቸው ነው አሉ።

ተማረች። ዛሬ ድሬዳዋ ሆና ፊደል ትነድፋለች። ባለፈው ዳቦ ቤቱ ሲታደስ ታፔላው ወረደ ሲሉኝ፣ ለሷ ልልክላት ብዬ ሮጥኩ። አባቷ ሸምግለዋል። ታፔላውን ከባንኮኒው ኋላ፣ እሷን ሊያቆሟት ባሰቡበት ቦታ ሰቅለውታል።

“ልጄን ወሰዳችሁ፣ ይቺ እንኳ ትቅርልኝ እንጂ!” አሉኝ እየሳቁ፤ ትኩስ ዳቦም ጠቅልለው ሰጡኝ።