ሳይመረጥ የተጨበጨበለት

ኮርዴል ዌዘርስቢ መናገር የጀመረው የሚናገረው ነገር ሳይኖረው ነው፤ ሃያ አንድ ዓመት ሲሞላውም ነገሩ አልተለወጠም። ይህ ሐሜት አይደለም። በቴነሲ ኮረብታዎች መሀል ባለችው በዚያች ትንሽ ኮሌጅ የጥቁር ተማሪዎች ኅብረት አባል የነበረ ሁሉ የሚመሰክረው ነው። ከሁለት ሺህ ተማሪ ውስጥ ጥቁሮቹ ስልሳ ቢሆኑ ነው፤ ስልሳ ሰው ደግሞ እርስ በርሱ ለመተማማት ከበቂ በላይ ነው።

ኮርዴል የኅብረቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነበር። ሥራው ምን እንደሆነ ከሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፣ እሱም አልተናገረም። ቡናማ የቆዳ ቦርሳ በብብቱ ሸጉጦ ይዞራል፤ ውስጡ ያለው አንድ እስክሪብቶና አንድ ማበጠሪያ ብቻ መሆኑን የክፍል ጓደኛው ፐርሲ ለሁሉም አውርቷል። ረቡዕ ረቡዕ ስብሰባ ሲኖር ወንበሩ ተደርድሮ፣ ዶሮው ተጠብሶ፣ ሰው ሁሉ ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ ይገባና ደረቱን ነፍቶ ከፊት ይቆማል። የካቲት ላይ የጥቁሮች ታሪክ ሲዘከር እንግዳውን ማስተዋወቅ የሱ ድርሻ ነበር። አንድ ዓመት ከአትላንታ የመጡ ሽማግሌ ፕሮፌሰር እሱ አስተዋውቋቸው እስኪጨርስ እንቅልፍ ወስዷቸው፣ ቀስቅሰው ነው ወደ መድረክ ያወጧቸው።

በኅብረቱ ልማድ ወንዱ ሁሉ ወንድም፣ ሴቷ ሁሉ እህት ነች። ልማዱ ጥሩ ነው፤ ከቤቱ ርቆ ለመጣ ልጅ መጽናኛ ነው። ለኮርዴል ግን በልኩ የተሰፋ ልብስ ሆነለት። “ወንድሜ” እያለ ትከሻ ይመታል፣ “እህቴ” እያለ ያቅፋል፣ ስም መያዝ የሚባል ጣጣ የለበትም። ሦስት ዓመት እንዲሁ ኖረ።

ቬርኔታ ግሪግስ ደግሞ ከሜምፊስ የመጣች፣ አጭር፣ ዝምተኛ ልጅ ነበረች። በዚያች ከተማ የጥቁር ሰው ፀጉር መንካት የሚያውቅ የለም፤ ቅርብ የሚባለው ፀጉር ቆራጭ የአንድ ሰዓት መንገድ ይርቃል። ስለዚህ ቬርኔታ አንዱን ቅዳሜ ወንዶቹን በኅብረቱ ሚኒባስ ጭና ወደ ፀጉር ቆራጩ ትነዳለች፤ ሌላውን ቅዳሜ የኅብረቱ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጣ፣ የሴቶቹን ጭንቅላት በጉልበቶቿ መሀል ይዛ ሹሩባ ስትሠራ ትውላለች። ማንም አልሾማትም፣ እሷም ሹሙኝ አላለችም። ኮርዴል ሚኒባሱ ላይ ሁልጊዜ ከፊት ነው የሚቀመጠው። ፊቱን በትንሿ መስታወት እያየ ንግግር ይለማመዳል። አንድ ቀን መኪናው መንገድ ላይ ቆሞ ልጆቹ ወርደው ሲገፉ፣ እሱ ከወንበሩ ሳይነሣ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ “በርቱ ወንድሞቼ” ይል ነበር።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ የኅብረቱ ፕሬዚዳንት ለመሆን የፈለገው። መፈለጉስ ባልከፋ፤ የከፋው ለእማማ ኢዶራ የነገራቸው ነገር ነው። እማማ ኢዶራ ጆርጂያ ውስጥ ሜከን ከተማ የሚኖሩ የእናቱ አክስት ናቸው፤ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። በሰፈራቸው ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ከፊት ረድፍ ነጭ ለብሰው ከሚቀመጡት እናቶች አንዷ ነበሩ። ኮርዴል መጋቢት ላይ በማደሪያው ኮሪደር ስልክ ደወለላቸውና ለፕሬዚዳንትነት እየተወዳደረ መሆኑን ነገራቸው። ተፎካካሪው ማን እንደሆነ ጠየቁት። ማንም እንደሌለ፣ ነገሩ ያለቀለት መሆኑን፣ በእጁ እንደገባ አስረዳቸው። እውነቱን ለመናገር በዚያን ቀን ሌላ የተመዘገበ አልነበረም። መመዝገቢያው ሊዘጋ ሦስት ሳምንት እንደሚቀረው ግን አልነገራቸውም።

ለፋሲካ ወደ ሜከን ሄደ። በዚያ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ፈተና ሲያልፍ፣ ሥራ ሲያገኝ፣ ሲሾም እሑድ በማስታወቂያ ሰዓት ስሙ ይነበባል፤ ምእመኑም ሁሉ ተነሥቶ ያጨበጭብለታል። የዚያን ዕለትም ጸሐፊዋ ወረቀቷን ዘርግታ፣ ልጃችን ኮርዴል ዌዘርስቢ የጥቁር ተማሪዎች ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ ብላ አነበበች። ሁለት መቶ ሰው ተነሣ። ትንሽ ሐፍረት የፈጠረበት ሰው ቢሆን እጁን አውጥቶ “ገና ነው” ይላል፤ ሁለት ቃል ናት። ኮርዴል ዓይኑን በጨው አጥቦ ብድግ አለ፣ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ወደ ቀኝም ወደ ግራም እጅ ነሣ። እማማ ኢዶራ አለቀሱ። ከአምልኮው በኋላ እናቶቹ ተማክረው፣ በሚያዝያ የመጨረሻ ቅዳሜ ቃለ መሐላ ሲፈጽም ለማየት በቤተ ክርስቲያኑ መኪና እንደሚመጡ ነገሩት። እሱም ክብር ነው አላቸው።

ወደ ኮሌጅ ሲመለስ ከስሙ ሥር የቬርኔታ ስም ተጽፎ አገኘ። መጀመሪያ ሣቀ። “ፀጉር ሠሪዋ?” አለው ፐርሲን። ፐርሲ የምርጫ ዘመቻው ኃላፊ ነኝ ይል ነበርና ነገሩ እንዳሳሰበው ሊነግረው ሞከረ፤ ኮርዴል ግን ኩራት እራቱ ነው፣ አልሰማውም። የሱ ሐሳብ ፖስተሩ ላይ ነበር። አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ አርባ ፖስተር በእጇ ሳለችለት፤ አርባውም ላይ አገጩን በእጁ ደግፎ ሩቅ ያያል።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ተወዳዳሪዎቹ ተናግረው የሚጠየቁበት ቀን ነበር። ቬርኔታ ቀደመች። ነሐሴ ላይ አዲስ የሚመጣ ተማሪ አውቶቡስ ጣቢያ ብቻውን እንዳይቆም እንደምታደርግ፣ ሚኒባሱ ጎማ እንደሚፈልግ፣ ሌላውን አብረው እንደሚያዩት ተናግራ ተቀመጠች። ኮርዴል ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀ። ስለ ባርነቱ ሰንሰለት፣ ስለ ባሪያ መርከቡ፣ ስለ መብት ሰልፉ አነሣ፤ ባሕሩን እሱ ራሱ ዋኝቶ የተሻገረ ይመስል ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲጨርስ ከሦስተኛው ረድፍ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

“እኔን ታውቀኛለህ?” አለችው።

“እንዴት አላውቅሽም፣ እህቴ?”

“እህቴ ማን?”

ሰው ሣቀ። ኮርዴልም አብሮ ሣቀና እህቶቹን ሁሉ እኩል እንደሚወድ መናገር ጀመረ።

“ሁሉን ተዋቸው” አለች። “እኔ ማን እባላለሁ? አርባውን ፖስተር የሣልኩልህ እኔ ነኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ክፍልህ ወለል ላይ ተንበርክኬ።”

ኮርዴል ፐርሲን አየ። ፐርሲ የጫማውን ክር አየ። እዚህ ላይ ይቅርታ ጠይቆ ቢቀመጥ ኖሮ ምናልባት ግማሹ ሰው ይራራለት ነበር። እሱ ግን አፉ መቼ ዝም ይላል።

“ስም ምንድን ነው?” አለ እጁን ዘርግቶ። “የተሸከምነው ስም አያቶቻችንን የገዙ ጌቶች ስም ነው። እኔ አንቺን በስም አይደለም የማውቅሽ፣ በደም ነው።”

“የምርጫው ወረቀት ላይ ግን የሚጻፈው ስም ነው፣ ወንድሜ” አለ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ።

ልጅቷ ዶሪንዳ ቴት ትባላለች። ከዚያ ቀን በኋላ ኮርዴልም አወቃት።

ዓርብ ሃምሳ ሰው መረጠ። አርባ አራቱ ቬርኔታን፣ ስድስቱ እሱን። ከስድስቱ አንዱ ራሱ ነው፤ ፐርሲ ግን አልነበረበትም። ለምን እንደከዳው ሲጠይቀው፣ “ጎማው የእውነት አልቋል” አለው ፐርሲ።

የዚያን ዕለት እማማ ኢዶራ ዘንድ ለመደወል ጊዜ ነበረው። ስልኩን አንሥቶ ሦስት ቁጥር መታና ዘጋው። ደግሞ አነሣው፣ ደግሞ ዘጋው። ሜከን ያሉት አሮጊቶች ባርኔጣቸውን እየቦረሹ፣ ኬክ እየጋገሩ እንደሆነ ያውቃል። በዓለም ላይ እንዲከብርበት የሚፈልገው ዓይን አንድ ብቻ ነው፤ የእማማ ኢዶራ ዓይን። እውነቱን ተናግሮ ያን ዓይን ከሚያጣ ሌላ ዘዴ ፈለገ።

ቅዳሜ፣ መሐላው በሚፈጸምበት ቀን ጠዋት፣ የኅብረቱ ቤት ወጥ ቤት ገባ። ቬርኔታ የዶሪንዳን ፀጉር እየሠራች ነበር። ዶሪንዳ አንገቷን እንደደፋች ሁሉን ሰማች፤ ይህ ታሪክ ሊወራ የቻለውም በሷ ነው።

“እህቴ፣ ቬርኔታ” አለ ኮርዴል፤ ስሟን ሲጠራ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። “አንድ ሰዓት ብቻ ነው የምለምንሽ። አሮጊቶች ናቸው፣ ምን ይጎዳሻል? መሐላውን እኔ ልፈጽም፣ እነሱ ሲሄዱ አንቺ ያንቺን ትፈጽሚያለሽ።”

“ስንት ሰዓት ነው የሚነዱት?”

“አምስት።”

“አምስት ሰዓት ነድተው ለሚመጡ ሰዎች እኔ አልዋሽም” አለች ጣቶቿን ሳታቆም። “አንተ ግን በር ላይ ቆመህ ልትነግራቸው ትችላለህ። እስክትነግራቸው እኔ አልናገርም። ገና ሁለት ሰዓት አለህ።”

ሁለቱን ሰዓት በር ላይ ቆሞ ጨረሰው። መኪናው መጣ፤ ነጭ የለበሱ፣ ባርኔጣቸው በር የማያስገባ አሥራ አንድ እናቶች ወረዱ። እማማ ኢዶራ የተጠቀለለ ኬክ በአንድ እጃቸው ይዘው በሌላው ኮሌታውን አስተካከሉለትና “ፕሬዚዳንቴ” አሉት። ያ በማያስፈልግበት ሁሉ ሲከፈት የኖረ አፍ ተከፈተ፤ ጠብ ያለ ነገር ግን የለም። ክንዳቸውን ይዞ ከፊት ረድፍ አስቀመጣቸው፣ አጠገባቸውም ተቀመጠ። ምን ይሆናል ብሎ እንደተቀመጠ እሱም አያውቅም።

ከዚያ ለመሐላው የቬርኔታ ግሪግስ ስም ተጠራ። አሥራ አንዱ ባርኔጣ ተራ በተራ ወደ ኮርዴል ዞረ። እማማ ኢዶራ ለረጅም ጊዜ አዩት። ቀጥሎ ኬኩን ጭኑ ላይ አስቀምጠውለት ተነሡና ለቬርኔታ አጨበጨቡ፤ አሥሩም ተከትለዋቸው ተነሡ። ኮርዴል ኬክ ታቅፎ ተቀመጠ።

ሲያልቅ ወደ መኪናው ወሰዳቸውና አፉ ተፈታለት። አስመራጮቹ እንዳደሙበት፣ ሴራ እንደነበረ፣ ሕዝቡ ገና እንዳልነቃ ነገራቸው። እማማ ኢዶራ አላቋረጡትም።

“ጨረስክ?” አሉት።

“አዎ፣ እማማ።”

“ግባ መኪናው ውስጥ። ነገ እሑድ ነው። ቆመውልህ ነበር፤ ቆመህ ትነግራቸዋለህ።”

አምስት ሰዓት ሙሉ በባርኔጣ መሀል ተጣብቆ ተጓዘ። ማንም አልተቆጣውም፤ ዶሮ በጨርቅ ጠቅልለው ብላ አሉት፣ ከዚያ በኋላ ስለ እግራቸው ቁርጥማት ሲያወሩ ደረሱ።

እሑድ ማስታወቂያ ሰዓት ላይ ጸሐፊዋ ስሙን ጠራችው። ቦርሳውን በብብቱ እንደያዘ ወጣና፣ የሕዝባችን የነጻነት ጉዞ ሁልጊዜ ቀጥ ያለ አልነበረም ብሎ ጀመረ። እማማ ኢዶራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ንግግሩ ቆመ። ያለ ጌጥ አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር በሕይወቱ ሞክሮት አያውቅምና አሁን ከየት ያምጣው። በዚያ ቤተ ክርስቲያን የአራት ዓመት ሕፃን ጥቅስ በቃሉ ሊል ወጥቶ ሲጠፋበት፣ ሰው ከየወንበሩ ያበረታታዋል። አንድ ሽማግሌ ዲያቆን ልክ በዚያ ድምፅ “አይዞህ፣ ልጄ። ቀስ ብለህ” አሉት።

“አይዞህ” አሉ ሌሎች። “እየሰማንህ ነው፣ የኔ ልጅ።”

ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ እንደ ትልቅ ሰው ሲያዳምጡት የኖሩ ይመስለው ነበር።

“አልተመረጥኩም” አለ። “ፋሲካ ዕለት ስትነሡልኝም አልተመረጥኩም ነበር። ዋሽቻችኋለሁ።”

ሊቀመጥ ሲል እማማ ኢዶራ ፊታቸውን ሳያዞሩ “የተመረጠችውስ?” አሉ።

“ቬርኔታ ግሪግስ።”

“ከኋላ ያሉት አልሰሙም።”

“ቬርኔታ ግሪግስ” አለ ጮክ ብሎ።

ሁለት መቶ ሰው ተነሥቶ አይቷት ለማያውቃት ለሜምፊሷ ልጅ አጨበጨበ። ጭብጨባው ለሱ ከተጨበጨበው ይረዝም ነበር። ኮርዴል ቦርሳውን የሚያስቀምጥበት አጥቶ ትንሽ ተደናበረ፤ ኋላ መሬት ላይ ጣለውና እሱም አጨበጨበ።