ወተት የነካው ስሞሽ

ትናንት የልጅ ልጄን ፀጉር ስሠራላት፣ ማጅራቷ ላይ ያለችውን ጥቁር ነጥብ ነጭ ቀለበት ከቧት ባይ ጊዜ ማበጠሪያው ከእጄ ወደቀ። እናቷ ደንግጣ ሐኪም ቤት ለመደወል ስትሮጥ እኔ እንደ ሕፃን እያጨበጨብኩ ሳቅሁ። ያንን ቀለበት አውቀዋለሁ፤ እኔም አንገቴ ላይ ነበረ።

በጃንሆይ ዘመን፣ ሱሉልታ፣ አንገቴ ላይ ያለችውን ጥቁር ነጥብ ቤተሰቡ ሁሉ «ማርያም የሳመቻት» ይላት ነበር፤ እማዬም ከማርያም ጋር የምትፎካከር ይመስል ጠዋት ማታ እዚያችው ላይ ትስመኛለች። ሣር ታጭዶ ሜዳው ሁሉ ድርቆሽ ድርቆሽ በሚሸትበት አንድ ጥቅምት ግን የነጥቧ ዙሪያ ነጣ። ጎረቤታችን አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ለምጽ» አለች።

ወሬው የመጣው በክፉ ሰዓት ነው። ታላቅ እህቴን እታፈራሁን ሽማግሌ ሊጠይቃት ቀን ተቆርጧል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከጋብቻ በፊት ዘር ይጣራል፤ ከዚያ ቤት ለምጽ አለ ከተባለ ነገሩ አበቃ። እታፈራሁ ደግሞ ልጁን ትወደዋለች፤ ስሙ ሲነሳ እንኳ የያዘችውን ትጥላለች፤ በዚያ ሰሞን ስንት ብርጭቆ እንደሰበረች እማዬ ታውቃለች።

እማዬ አንገቴን በሻርፕ ጠቅልላ አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። አውቶቡስ ስሳፈር የመጀመሪያዬ ነበርና ለምጹም ሠርጉም ጠፋብኝ፤ ተራራውን አልፈን ከተማው ከታች ሲዘረጋ መስኮቱን በትንፋሼ አደበዘዝኩት። ሐኪሙ በማጉያ መነፅር ደጋግሞ አየኝና ለእማዬ በእርጋታ አስረዳት፦ ለምጽ አይደለም፣ አይተላለፍም፣ አያምም፤ ሰውነቷ ራሱ ነጥቧን እያጠፋት ነው፣ በጊዜ ብዛት የቆዳዋ ቀለም ይመለሳል። እማዬ አለቀሰች። እኔ ግን ሰውነቴ እኔን ሳይጠይቅ ሥራ መጀመሩ እጅግ አስደነቀኝ፤ መንገዱን ሁሉ ለማላውቀው ተሳፋሪ ሳይቀር እያስረዳሁ ተመለስኩ።

ሽማግሌዎቹ በመጡ ዕለት ሻርፑ እንደገና ተጠመጠመ፤ ሐኪም ያወቀውን አገር አያውቅም ተባለ። እንዲያ ያለ ዕውቀት ይዞ ዝም ማለት ግን ከአቅሜ በላይ ነበር። ጠላ ሲቀዳ ዘው ብዬ ገብቼ፣ ሻርፑን ፈትቼ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ «ሐኪሙ ለምጽ አይደለም ብሏል» አልኩ። ከጓዳ ብርጭቆ ሲሰበር ተሰማ።

የሙሽራው አባት ኦቦ ጉደታ ከብት አርቢ ነበሩ። ዋንጫቸውን አስቀመጡና «ኮቱ፣ ነይ እስቲ» ብለው አቀረቡኝ። አንገቴን ወደ ብርሃን አዙረው አዩ፣ አዩ፣ ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ።

«ማርያም የሳመቻት ወተት ጠጥታ ነው» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ሠርጉም ከጥምቀት በኋላ ሆነ።

ነጥቧ ቀስ በቀስ ጠፋች፣ ቀለበቱም ከቆዳዬ ጋር ተመሳሰለ። እማዬ ግን ነጥቧ ከጠፋች በኋላም፣ ዓይኗ ከደከመም በኋላ፣ ስትስመኝ ቦታዋን አንድ ቀንም ስታ አታውቅም።

ትናንት የልጅ ልጄ «እማማ፣ ያንቺስ የት ጋ ነበር?» አለችኝ። ጣቴን እዚህ አደረግሁ፣ ደግሞ እዚያ፤ መስታወትም አስመጣሁ። አላገኘሁትም። የምታውቀው እማዬ ብቻ ነበረች።