ለእኔ የተሠራው ስኪ

ማርልቦሮ ሰፈር ባለው ቤቴ ቤዝመንት ለልጄ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪ እየሠራሁ ነው። የሙጫው ሽታ ሲሰነፍጠኝ ያ የድሮ ንዴቴ አብሮ ተነሳብኝ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባዬ ስስ ጣውላ በሙጫ እየደራረበ ስኪ ሠራልኝ። ሙጫው በብርዱ አልደርቅ ሲለው የመኝታ ቤታቸውን ሂተር አምጥቶ አጠገቡ አቆመ፤ እማዬ ካፖርት ደርባ ተኛች። ሲደርቅ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰልኝ።

እሁድ የአባዬ ጓደኛ ጋሼ መኮንን ልጃቸውን ይዘው ከኤርድሪ ከተማ መጡ። ስኪውን በአንድ እጃቸው አንስተው፣ «ወይ ጉድ! ክብደትም የለው!» አሉ። ልጃቸው ዓይኑን ከስኪው መንቀል አቃተው።

«ይውሰደው» አለ አባዬ፣ ፈገግ ብሎ።

«የኔ ነው!» ብዬ ጮህኩ። እማዬ ቆነጠጠችኝ። አባዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «አንቺ የቤት ልጅ ነሽ፤ ሌላ እሠራልሻለሁ» አለኝ። የቤት ልጅ መሆን ምን ጥፋት እንደሆነ አልገባኝም። ሌላም አልሠራልኝም።

ዛሬ አባዬ ቀስ እያለ ደረጃውን ወርዶ የሠራሁትን ስኪ በእጁ መዘነው።

«ጎበዝ። ያኔ የሠራሁልሽ ግን ከዚህም ይቀል ነበር። ሳሎን የሰቀልኩት ፎቶ ላይ እኮ ቆመሽበታል።»

«እሱ የጋሼ መኮንን ልጅ ነው፣ አባዬ!»