ሁለት ቀን መንገድ ለሩብ ሰዓት ሥራ

ሰው ሠራሽ እግር የምትሠራ ሴት ነበረች። ሥራውን ከጀመረች አሥራ ሰባት ዓመት ሆኗታል። ወርክሾፗ ከትልቁ ሆስፒታል ጀርባ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ያለ ጠባብና ረጅም ክፍል ነው። በሩ ላይ ሲደርሱ መጀመሪያ የጀሶ ሽታ ይቀበልዎታል፤ ቀጥሎ የሞረድ ድምፅ፤ ከዚያ እሷ ራሷ፣ እጇ እስከ ክርኗ ነጭ ሆኖ። በሽተኞቿ በስሟ አይጠሯትም። "እግሬ" ነው የሚሏት። "እግሬ ገብታለች?" "እግሬ ዛሬ ተቆጥታለች፣ ተጠንቀቁ" ይባባላሉ። አዲስ የተቀጠረ ዘበኛ መጀመሪያ ሰሞን ግራ ገብቶት ነበር አሉ።

ምላሷም እንደ እጇ ፈጣን ነው። ልምምድ የሚሰንፍ ሰው ካገኘች፣ "እግሩን እኔ እሰጥሃለሁ፤ እርምጃውን ግን ከቤትህ ይዘህ ና" ትለዋለች። የሚቀየማት የለም። እጇ ላይ ያለፈ እግር እንደማያሳፍር ሁሉም ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች።

ደብዳቤው የመጣው ሰኞ ነው። ከአገሩ ሌላኛው ጫፍ፣ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ከሚያስኬድ ከተማ፣ አዲስ የተከፈተ ሆስፒታል የእግር ወርክሾፕ ሊያቋቁም አስቧል፤ ኃላፊ ሆነው ይምጡልን ይላል። አንብባ አጠፈችና ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ከተወለደችበት ከተማ ወጥታ ኖራ አታውቅም። ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ደንበኛ እንደ ዕቃ ተጭኖ አይሄድም። ልጇ ሰባተኛ ክፍል ናት። የራሷ አባትም አብረዋቸው ይኖራሉ። "ምን ጎደለኝና" ብላ ነገሩን ልትተወው ምንም አልቀራት።

ረቡዕ ዕለት ግን አንድ አናጢ መጣ። በእሷ ዕድሜ የሚሆን፣ ከዚያው ከሩቁ ከተማ የሚመጣ ሰው ነው፤ ይህ ሦስተኛ ጊዜው ነው። የሠራችለት እግር ከጉልበቱ በታች አንድ ቦታ ላይ እየፋቀው ቆዳው ተልጧል። ጣቷን አስገብታ ዳሰሰች። ውስጡን በሞረድ ፋቅ ፋቅ አደረገችው፣ ለስላሳ ሽፋን ለጠፈችበት፣ አንድ ብሎን አጠበቀች። ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

አናጢው ተነሥቶ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተራመደ።

"አለቀ?"

"አለቀ። ምነው፣ አነሰህ?"

ሳቀ። "ሁለት ቀን መጥቼ ሁለት ቀን ልመለስ ነዋ! ሦስት ሳምንት ሙሉ እያመመኝ የቆየሁት ይሄን መንገድ ጠልቼ ነው። እኔ እንኳ ደህና ነኝ። እኛ ጋ መንገዱን ፈርተው እግራቸውን አልጋ ሥር የወረወሩት ስንት ናቸው መሰለሽ።"

እሱ ከወጣ በኋላ ሥራ አልያዝ አላት። እሷ ሠርታ፣ ለክታ፣ አቁማ ያስኬደችው እግር አልጋ ሥር አቧራ ሲጠጣ ታያት። ጋዋኗን አውልቃ በቀጥታ ወደ ባሏ ፀጉር ቤት ሄደች።

ፀጉር ቤቱ ሁለት ወንበር ያለው ነው፤ ሦስተኛው፣ መስኮቱ ሥር ያለው፣ የአባቷ ነው። ጋዜጣ ያነቡበታል። ባሏ የአንድ ደንበኛ ፂም እየላጨ ነበር። ደብዳቤውን መስተዋቱ ጠርዝ ላይ ሰካችለት። ምላጩን እንደያዘ አነበበው፤ ደንበኛውም ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ አንገቱን አስግጎ አብሮ አነበበ።

"ፀጉር የማይበቅልበት አገር ነው?" አለ ባሏ።

"ምን?"

"የጠሩሽ ቦታ። ፀጉር ካበቀለ እኔ ሥራ አላጣም።"

"እኔስ?" አለ ደንበኛው፤ "ግማሽ ፂሜን ይዤ ልቅር?"

ተሳሳቁ። አባቷ ግን አልሳቁም። ሠላሳ አራት ዓመት ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው።

"እኔ ንቅንቅ አልልም" አሉ ከጋዜጣቸው ጀርባ። "ያን መንገድ ከፀጉሬ ቁጥር በላይ ተመላልሼበታለሁ። ጡረታ የወጣሁ ዕለት፣ ከእንግዲህ ጉዞዬ ከአልጋዬ እስከዚህ ወንበር ነው ብዬ ምያለሁ።"

"ማን ኑ አለዎት፣ አባባ? ገና መች ወሰንኩ?"

"ደብዳቤ መስተዋት ላይ የምትሰካ ሴትማ ወስናለች።"

አበሳጫት፤ ግማሹ እውነት ነበርና።

እራት ላይ ልጅቷ ሰማች፤ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ጓደኛዋን አነሣች፣ የመረብ ኳስ ቡድኗን አነሣች፣ በመጨረሻም፣ "ያ ከተማ የራሱ ሰው የለውም?" ብላ አፈጠጠች።

"የለውም" አለች እናቷ። "ለዚያ ነው የጠሩኝ።"

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ስታልፍ ባሏን ፀጉር ቤቱ ውስጥ የጸዳውን መስተዋት መልሶ ሲወለውል አገኘችው። አሥራ አምስት ዓመት አብራው ኖራለች፤ መቼ እንደሚቀልድ፣ መቼ በቀልድ እንደሚሸሸግ ታውቃለች።

"እውነቱን ንገረኝ እስቲ።"

"እውነቱን? እፈራለሁ።" ጨርቁን አጣጠፈ። "እዚህ በሬን ከፍቼ ስቆም መንገደኛው ሁሉ ሰላም ይለኛል። እዚያ ማንም አያውቀኝም፤ እንደ ጀማሪ ራሴን ላስተዋውቅ ነው። ግን የእኔን ፍርሃት ምክንያት አድርገሽ እንዳትቀሪ። ከቀረሽ በራስሽ ምክንያት ቅሪ፤ አለዚያ ዕድሜ ልክሽን ታሳብቢብኛለሽ።"

የራሷን ምክንያት ፈለገች። አላገኘችም። ሳያዩ ግን አይገባበትምና የአንድ ሳምንት ፈቃድ ወስዳ ቦታውን ልታይ ተነሣች። ማለዳ አውቶቡስ ተራ ስትደርስ አባቷ ትንሽ ሻንጣ ይዘው ቆመዋል።

"መንገዱን ላሳይሽ ነው" አሉ፤ "ልኖር አይደለም።"

ሁለቱን ቀን ሙሉ ሹፌሩን አላስቀመጡትም። "እዚህ ጋ ማርሽ ቀንስ… ኩርባው ያታልላል… ተው፣ ቀኝህን ያዝ!" በስተመጨረሻ ሹፌሩ፣ "አባት፣ ለምን እርስዎ አይነዱትም?" ቢላቸው፣ "መንጃ ፈቃዴ ጊዜው አልፎበት ነው እንጂ!" አሉት። አውቶቡሱ በሳቅ ፈረሰ።

ሆስፒታሉ ቀለሙ ገና ያልደረቀ የሚመስል ነው። ዳይሬክተሯ ከእሷ በዕድሜ የምታንስ፣ ስትሄድ የምትሮጥ የምትመስል ሴት ነች። ክፍሉን አሳየቻት፤ አራት መስኮት አለው፣ ጠረጴዛዎቹ አዲስ፣ ፕላስቲክ ማሞቂያው ምድጃ ገና ከካርቶኑ አልወጣም። እንዲህ ያለ ክፍል በሕልሟም አልነበራት። ወዲያው ግን የወጣችው ደረጃ ትዝ አላት። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው ያለችው።

"ሊፍት አለ?"

"ታዟል።"

"መቼ ይደርሳል?"

ዳይሬክተሯ ዓይኗን ወደ ካርቶኑ መለሰች።

"እግር ፍለጋ የመጣ ሰው በምን እግሩ ነው እዚህ የሚወጣው?"

በሩ አጠገብ ወንበር ይዘው የሚያለከልኩት አባቷ፣ "እኔ ሁለቱም እያሉኝ አልቻልኩም" አሉ።

ታች ወረዱ። ግራውንድ ላይ፣ መግቢያው አጠገብ፣ ልክ እንደዚያ የሰፋ ክፍል አለ፤ ከድሮው ጤና ጣቢያ የመጣ መዝገብ እስከ ጣሪያው ተከምሮበታል። ዳይሬክተሯ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ክፍሉን እንደማይለቅ፣ ሰውዬውም ድርቅ ያለ መሆኑን ነገረቻት።

"ወረቀት ደረጃ መውጣት አያቅተውም" አለች እግር ሠሪዋ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "ሥራውን እፈልገዋለሁ፤ አልደብቅዎትም። ይህ ክፍል የእግር ክፍል ሲሆን ይደውሉልኝ፤ እመጣለሁ። ላይ ከሆነ ግን ሌላ ሰው ይፈልጉ።"

ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ነገሩን በገዛ አፏ ያበላሸችው መሰላት። አባቷ ብዙ መንገድ ከሄዱ በኋላ፣ "ፍሬኑን ሳያዩ መኪና አይረከቡም። ደግ አደረግሽ" አሉና እንቅልፋቸውን ተኙ።

ሦስት ሳምንት ወሬ ጠፋ። በዚህ መሐል አንድ ቀን ከጎኗ ስምንት ዓመት የሠራችውን ረዳቷን፣ "ብሄድ ትችይዋለሽ?" ብላ ጠየቀቻት።

ረዳቷ ሞረዷን አስቀመጠች። "እንዳትቀየሚኝ፣ እትዬ። ስምንት ዓመት ሙሉ የሠራሁለት ሰው ሁሉ በሩ ላይ ሆኖ ‹እግሬ የለችም?› ይለኛል። አንቺ እያለሽ እኔን የሚያየኝ የለም። ሂጂ፤ እኔም ሰው ልባል።"

ወጋ አደረጋት። ትንሽ ቆይታ ግን ሳቅ አመለጣት፤ ረዳቷም ሳቀች። ያን ዕለት ከሰዓት የሁለት በሽተኛ ልኬት ረዳቷ ብቻዋን ወሰደች፤ እሷ እጇን ወደኋላ አድርጋ ተመለከተች። አንድም የምታርመው ነገር አላገኘችም።

በአራተኛው ሳምንት ዳይሬክተሯ ደወለች።

"ወረቀቱ ወጣ። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ እስካሁን አያናግረኝም።"

"እኔ አናግረዋለሁ። መጣሁ።"

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ነው ለባሏ ሳትነግር "መጣሁ" ማለቷ የገባት። ሄዳ ብትነግረው፣ ለካ እሱ ምላጮቹን ማሸግ የጀመረው ካለፈው ሳምንት ነው።

እሷ ቀደመች፤ እነሱ የትምህርቱ ዓመት እስኪያልቅ ቆዩ። ዕቃ የተጫነ ዕለት አባቷ ጫኞቹን ገመድ አስተሳሰር እያስተማሩ አቆዩአቸውና፣ ሲጨርሱ የጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። "መሐላዎስ፣ አባባ?" አላቸው አማቻቸው። "የማልኩት ስለ መንገድ ነው" አሉ፤ "ስለ ልጄ አልማልኩም።"

ሁሉም ነገር እንደ ማር አልተላሰም። ባሏ የመጀመሪያዎቹን ወራት ባዶ ወንበር ሲጠብቅ ከረመ። ሐሙስ ሐሙስ መቀሱን ይዞ ሆስፒታሉ ውስጥ አልጋ ላይ የተኙትን ሕሙማን ፀጉር ማስተካከል ጀመረ፤ የዳኑት እየፈለጉት መጡ፣ ወንድሞቻቸውንም አመጡ። ልጅቷ እናቷን አንድ ወር ያህል አኩርፋ ነበር፤ አሁን ቡድን ገብታለች፤ ግን ዩኒቨርሲቲ ስትደርስ እንደምትመለስ ዛሬም ትናገራለች። እናቷም አትከራከራትም። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ለሁለት ወር ሰላምታ ነፍጓት ቆይቶ፣ አክስቱ ክራንቿን ጥላ በአዲሱ እግሯ ግቢውን ስታቋርጥ ካየ ወዲህ፣ እግር ሠሪዋ ቁልፍ ሲጠፋባት የሚያውሳት እሱ ነው።

ወርክሾፑ በሁለተኛው ዓመት ሞላ። አራት ሰው አሠልጥናለች፣ ወረፋው በረንዳ ላይ ወጥቷል። አሁን ከጎን ያለውን ክፍል ጠይቃለች። ዳይሬክተሯ ገና እሺ አላለችም፤ እሷ ግን ግድግዳው ከየት እስከየት እንደሚፈርስ በጠመኔ አስምራ ጨርሳለች።