መጥሪያውን ያደረሰችው እኅቴ

እኅቴ ባሏን ፈትታ ወረታ እኔ ዘንድ የመጣችው የፎገራ ሩዝ በሚታጨድበት ወር ነበር። ሰውዬው ከይፋግ ወዲያ ባለች መንደር ቀረ። ፍርድ ቤት አፋትቷቸዋል፤ እሱ ግን ፍቺውን አልተቀበለም። ወደ ወረታ በሚመጣ ሰው ሁሉ አንድ ቃል ይልክባታል፦ «ወይ ትመለሳለች፣ ወይ ትቀበራለች።»

እሷ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ተቀጥራ ታበጥር ነበር። በሩን እያየች ለመሥራት ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ መቀመጥ ጀመረች።

ፖሊስ ጣቢያ አብሬያት ሄድኩ። ተረኛው ፖሊስ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ፣ ትሑት ሰው ነው። ወንበር ሰጣት።

«መታሽ?»

«ከተፋታን ወዲህ አልመታኝም። እገልሻለሁ ነው የሚለው።»

«ዛቻ ነዋ። በንዴት ስንት ይባላል! ለእያንዳንዱ ሰው ዘብ ማቆም አንችልም፣ እኅቴ።»

«እና ሲገለኝ ልምጣ?»

ሳቀ። እሷም ሳቀች።

ከዚያ መጥሪያ ጽፎ፣ ማኅተም አሳርፎ ለእሷው ሰጣት። እኛ ዘንድ መጥሪያ የሚያደርሰው ከሳሹ ነው። መኪናው ነዳጅ የለውም፣ ፖሊሱም ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ሰው የሚፈራውን ሰው ራሱ ፈልጎ ወረቀቱን በእጁ ይሰጠዋል።

«እኔ ላድርስላት» አልኩ።

«ተው። ወንድ ለወንድ ከተገናኛችሁ ደም ይመጣል። እሷ ትስጠው፤ አንተ ምስክር ሆነህ ቁም።»

ሰው በተሰበሰበበት አይነካትም ብለን የገበያ ቀን መረጥን። ከብት ተራ ውስጥ የአንድ ወይፈን ጥርስ ገልጦ ሲያይ አገኘነው። እኅቴ ወረቀቱን በሁለት እጇ ሰጠችው፤ ልማድ ሆኖባት ነው፣ ለማንም ስትሰጥ እንደዚያ ነበረች። ሰዉ ዞሮ አየ።

«ደብዳቤ ጻፍሽልኝ? እሰይ!» አለና ወረቀቱን ሳመው። ወደ እኔ ዞረ። «አማቼ፣ አንተስ ፖስተኛ ሆንክ?»

የከብት ነጋዴዎቹ ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም። ስንመለስ እኅቴ፣ «በሰው ፊት አዋረድነው፤ አሁን ባሰ» አለችኝ።

በቀጠሮው ቀን አልቀረበም። ተረኛው ሌላ መጥሪያ ጻፈ። እኅቴ አልወስድም አለች።

በዚያ ሰሞን ከመንገድ ዳር ሕገ መንግሥቱን ገዝቼ ማንበብ ያዝኩ። አንቀጽ አሥራ ስድስት ማንም ሰው በአካሉ ላይ ጉዳት እንዳይደርስበት የመጠበቅ መብት አለው ይላል። ደጋግሜ አነበብኩት። ማን እንደሚጠብቀው፣ ጠባቂው ዝም ቢልስ ምን እንደሚደረግ፣ እዚያው ላይ አላገኘሁም። ለእኅቴ አነበብኩላት።

«ጥሩ ነው» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ሥራዋ ሄደች።

የመጣው በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ማጭድ ይዞ። ፊቷ ወደ በሩ ስለነበር ሲገባ አይታዋለች። መውጫው ግን ያው በር ብቻ ነው። አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች በመፈልፈያው ጩኸት ድምጿን አልሰማንም አሉኝ።

ፖሊስ ወዲያው ደረሰ፤ በመኪና። ሰውዬውንም ሳይመሽ ያዙት።

ከቀብሯ በኋላ ጣቢያ ተጠራሁ። ያው ተረኛ፣ ያንኑ ወንበር ሰጠኝ። ቀና ብሎ ሳያየኝ ጽፎ፣ ማኅተም አሳርፎ ወረቀቶቹን ገፋልኝ።

«የምስክሮች መጥሪያ ነው። ለመፈልፈያው ሴቶች አድርስልን፣ ወንድሜ።»

በአንድ እጄ ተቀበልኩት።